ያላለቀው ግድግዳ

በግብፅ የነገሥታት ሸለቆ የፈርዖን ሆሬምሄብ መቃብር አለ። ንጉሡ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1290ዎቹ ገደማ ሲሆን፣ ሞት ሠራተኞቹን ቀደማቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 አርኪዮሎጂስቱ ኤድዋርድ አይርተን መቃብሩን ሲያገኘው የሬሳ ሣጥኑ ያለበት ክፍል ሥዕሎች ሥራቸው በየደረጃው እንደተቋረጠ ነበሩ። አንዱ ጋ በቀይ ቀለም የተጣለ ንድፍ ብቻ ይታያል። ሌላው ጋ ዋናው ሰዓሊ በጥቁር መስመር ቀዩን አርሞታል። እልፍ ሲሉ ደግሞ ቀራፂው ጥቁሩን መስመር ተከትሎ ዙሪያውን ፍቆ ምስሉን ከድንጋዩ አውጥቶታል፤ ቀለም ግን አልደረሰውም።

ሥዕል ማየት መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ያለቀ ሥራ ራሱን ይደብቃል፤ ውበቱን እንጂ ሠሪው ምን እንደወሰነና ምን እንደተወ አያሳይም። የግብፅን ሥዕል «ድርቅ ያለ» ብለው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። ቀዩንና ጥቁሩን መስመር ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን እንዲህ ለማለት ይቸግረዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። ገመድ ቀይ ቀለም ውስጥ ነክረው ግድግዳው ላይ ይወጥሩና ለቀቅ ያደርጉታል፤ አናጺ ጣውላ ላይ መስመር እንደሚመታው። ገመዱ በቁምም በአግድምም ሲመታ ግድግዳው በካሬዎች ይሞላል። በተለመደው ስሌት ቆሞ የሚታይ ሰው ከእግሩ መርገጫ እስከ ፀጉሩ መነሻ 18 ካሬ ነው። ፊቱና እግሩ በጎን፣ ትከሻውና ዓይኑ በፊት ለፊት ይሣላሉ። ይህ አሣሣል ከክርስቶስ ልደት በፊት 3100 ዓመት ገደማ በተሠራው የንጉሥ ናርመር ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ ይታያል፤ ወደ 3 ሺህ ዓመት ያህልም ዘልቋል። ሰዓሊው ከቆመበት የሚታየውን ሳይሆን ስለ ሰውየው የሚታወቀውን ነበር የሚያሰፍረው፤ በወዲያኛው ዓለም ክንድ የጎደለው ሰው እንዳይሆን። (በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንንና ከሐዲን በአንድ ዓይን ማየት የለመድን ሰዎች የግብፅ መቃብር ስናይ ሁሉም ክፉ ሊመስለን ይችላል። እዚያ ግን በጎን መሣል ነውር የለበትም።)

ሕጉ እንዲህ ጥብቅ ከሆነ ሰዓሊው የት አለ? መልሱ ዴር ኤል መዲና ነው፤ የነገሥታቱን መቃብር የሚቆፍሩና የሚያስጌጡ ሠራተኞች መንደር። ደመወዛቸው እህል ነበር። በሦስተኛው ራምሴስ 29ኛ የንግሥ ዓመት ቀለባቸው ሲዘገይ ሥራ አቁመው ወጥተው ተቀመጡ፤ በጽሑፍ ከቆዩልን የሥራ ማቆም አድማዎች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። በመንደሩ አካባቢ የተገኙት የኖራ ድንጋይ ስብርባሪዎች የእነዚሁ ሰዎች ማስታወሻ ደብተር ናቸው። ሒሳብ አለባቸው፣ ደብዳቤ አለባቸው፣ የእጅ ማፍታቻ ንድፍም አለባቸው። የዝይ መንጋ የምትጠብቅ ድመት ሥለዋል፤ ለተቀመጠች አይጥ አሽከር ሆና የቆመች ድመትም ሥለዋል። ቀን ቀን ካሬ እየቆጠረ ፈርዖን የሚሥል እጅ፣ በሚጣል ድንጋይ ላይ ዓለምን ገልብጦ ይስቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙ የወርቅ ጭምብል ይልቅ እነዚህ ስብርባሪዎች ይማርኩኛል።

የንግሥት ኔፈርቲቲ ምስልም የተገኘችው ቤተ መንግሥት ውስጥ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1912 አማርና ላይ በቀራፂው ቱትሞስ የሥራ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ቀኝ ዓይኗ ጥቁር ብሌን ያለው ብርጭቆ መሰል ድንጋይ ተገጥሞለታል። ግራው ባዶ ነው፤ ማጣበቂያ ተቀብቶበት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት እንኳ የለም። ብዙ ባለሙያዎች ሌሎች ቀራፂዎች አይተው እንዲሠሩባት የተቀመጠች ሞዴል ናት ይላሉ። በርሊን ሄዶ የሚያያት ሕዝብ የሚያደንቀው፣ በዚህ ግምት ከሄድን፣ የዎርክሾፕ ዕቃ ነው ማለት ነው።

ሠሪውን ረስቶ ውጤቱን ብቻ መመልከት ሊቃውንትንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1879 በሰሜን ስፔን አልታሚራ በተባለ ዋሻ ማርሴሊኖ ሳንዝ ደ ሳውቱኦላ መሬት መሬቱን ሲፈትሽ፣ ትንሿ ልጁ ማሪያ ቀና ብላ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን ከብት መሰል አውሬዎች አየች። አባትየው የጥንት ሰው ሥራ ነው ብሎ በ1880 ቢያሳትም፣ ፈረንሳዊውን ኤሚል ካርታያክን ጨምሮ ታላላቆቹ አልተቀበሉትም። እንዲህ ያማረ ሥራ ከዋሻ ሰው አይጠበቅም ነበር። ወደ ጣሪያው ጠጋ ብሎ ላየ ግን ምስክሩ እዚያው ነው፦ ሰዓሊው ድንጋዩ ያበጠበትን ቦታ መርጦ የአውሬውን ጎድን አስቀምጦበታል፤ ቀዩን ከአፈር፣ ጥቁሩን ከከሰል አግኝቷል። ካርታያክ በ1902 ስህተቱን በጽሑፍ አመነ። ሳውቱኦላ ከሞተ 14 ዓመት አልፎት ነበር።

ቀለሙን በተመለከተ ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻም የሚለው አለው። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተከማቸ 40 ኪሎ የሚሆን ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው ድንጋይ፣ ከመፍጫዎቹ ጋር ተገኝቶበታል። ከመካከላቸው ግማሽ ጎኑ ብቻ ቀለም ውስጥ የተነከረ ጠጠር አለ፤ ምናልባት እንደ ማኅተም የሚታተምበት። በዚያ ቀለም ምን እንደተሠራ አይታወቅም፤ የሥራ ዕቃው ግን አለ።

ፒካሶ ግን የሥራ ደረጃዎቹን ራሱ እንዳይጠፉ አድርጎ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1945 እስከ ጥር 1946 በፓሪሱ የሙርሎ ማተሚያ ቤት አንድ ኮርማ በድንጋይ ላይ እየሣለ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እየሣለ 11 ጊዜ አሳተመው። የመጀመሪያው እውነተኛ ኮርማ ነው፤ የመጨረሻው ጥቂት መስመር ብቻ። ተመልካች ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ይቸኩላል፣ «ይህንማ እኔም እሥለዋለሁ» ይላል። እኔ የምመክረው ሁለተኛው ላይ እንዲቆይ ነው። እዚያ ፒካሶ ገና አልቀነሰም፤ እንዲያውም ኮርማውን አወፍሮታል፣ አጥቁሮታል። በኋላ የሚጥለውን ሁሉ መጀመሪያ ጨምሮ አየው።