የኤሌክትሮድ እድፍ ታሪክና የፎገራ ውኃ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተንጣለለ፣ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ጠርገው በሚያወርዱት ደለል የሚታደስ ለም ምድር ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ካስለመዱ ወዲህ የወረታ ስም ከሩዝ ጋር ተሳስሯል። ክረምት ውኃ ተኝቶበት ሩዝ የሚያበቅለው ማሳ በበጋ በሞተር ፓምፕ እየጠጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሰጣል። ከዚሁ ጋር አረም ማጥፊያውና ፀረ ተባዩ ገብቷል፤ ገበሬው ሁሉንም በአንድ ስም «መድኃኒት» ይለዋል። መድኃኒቱ ከማሳው አጠገብ ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ምን ያህል እንደ ዘለቀ በዓይንም በምላስም አይለይም። ይህን የሚለየው ክሮማቶግራፍ ደግሞ የጠራ ጋዝ፣ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ እጅ የሚሻ፣ ከቤተ ሙከራ የማይወጣ መሣሪያ ነው። ወደ ውኃው ዳር ሊወርድ የሚችለው ዘዴ በኤሌክትሪክ መለካት ሲሆን፣ የዚህም ታሪክ በአመዛኙ ከእድፍ ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1862 የለንደን ከተማ የጤና ሹም የነበረው ሄንሪ ሌተቢ በአሲድ በሟሟ አኒሊን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፣ በፕላቲኒየሙ ኤሌክትሮድ ላይ ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ሽፋን ተጋግሮ አገኘ። ዛሬ ፖሊአኒሊን የሚባለው ነው። ይሁን እንጂ በኤሌክትሮድ ላይ የሚጋገር ነገር ለለኪው ጠላት ሆኖ ኖረ፤ ለምሳሌ ፌኖል ሲለካ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቆዳ አበጅቶ ኤሌክትሮዱን ያደነዝዘዋል። ቼካዊው ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ፖላሮግራፊን ሲፈጥር የተጠቀመበት የሚንጠባጠብ ሜርኩሪ ትልቁ ጸጋው፣ እያንዳንዱ ጠብታ እድፍ ያልነካው አዲስ ገጽ መሆኑ ነበር። ሥራው በ1959 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ሜርኩሪ ግን ራሱ መርዝ ነው፤ መርዝ ለመፈለግ መርዝ ተሸክሞ ወደ ጉድጓድ መሄድ ያስተዛዝባል።

መፍትሔው የመጣው ከእድፉ ከራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሺራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፖሊመር በአዮዲን አክመው የማስተላለፍ ኃይሉን እስከ 10 ሚሊዮን ጊዜ ከፍ አደረጉት። ፖሊአሴቲሊን በአየር ስለሚበላሽ ለውኃ ሥራ አይሆንም ነበር፤ በ1979 ዲያዝና ባልደረቦቹ ፖሊፒሮልን በኤሌክትሮድ ላይ በኤሌክትሪክ ማብቀላቸው ለመለኪያ ሥራ ከዚያ የበለጠ በር ከፈተ። ቮልቴጁ ወዲያና ወዲህ በተመላለሰ ቁጥር ሽፋኑ ይወፍራል፤ ውፍረቱም በምልልሱ ብዛት ይወሰናል። እንደ ፌኖሉ ቆዳ አይዘጋም፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ የሚፈለገውንም ንጥረ ነገር ወደ ራሱ ይስባል። በየትኛው ቮልቴጅ እንደ ተነሣ የነገሩን ማንነት፣ የሞገዱ ከፍታ መጠኑን ይናገራል።

በኢትዮጵያ ሙያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ሥር ሰደደ። መዓረግ አማረና ሽመልስ አድማሴ እ.ኤ.አ. በ2012 «ታላንታ» በተባለው መጽሔት፣ ብርጭቆ መሰል ካርቦንን በፖሊመር ሸፍነው በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን የለኩበትን ሥራ አሳተሙ። በዚያው ፖሊመር ኪኒንና ኒኮቲንም ተለክተዋል። ቡና መቅደሙ በዚህ አገር አያስገርምም። መዓረግ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ማለት ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። በማኅበራዊ መገናኛ የጥላቻ ጽሑፍ ከተሠራጨባቸው በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። የኤሌክትሮድ ሥራ ግማሹ የእጅ ሙያ ነው፤ ካርቦኑን እንዴት መወልወል፣ ሽፋኑ መቼ እንደ በቃው ማወቅ ከመምህር እጅ እንጂ ከመጽሔት ገጽ አይቀዳም።

ዘዴው ወደ ፎገራ ቢወርድ ሁሉን አያይም። ኤሌክትሮድ የሚያየው ኤሌክትሮን የሚሰጥ ወይም የሚቀበል ነገርን ነው። ናይትሮፌኖልና ናይትራይት በቀላሉ ይታያሉ፤ ማላታዮን ግን ራሱን ስለማይገልጥ፣ በሽፋኑ ላይ ኤንዛይም አኑሮ የኤንዛይሙን መዳከም መለካት ግድ ይሆናል። የርብ የክረምት ውኃ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ጭቃው ሽፋኑን ያለብሰዋል፤ ቢጣራ ከሸክላው ጋር የተጣበቀው ፀረ ተባይ አብሮ ይቀራልና የሚገኘው ቁጥር በውኃ የሟሟውን ብቻ ይነግራል። ስለዚህ ሙከራው መጀመር ያለበት በበጋው፣ ፓምፑ በሚሠራበትና ጉድጓዱ በጠራበት ወራት ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠጣውም ያንኑ የጠራውን ውኃ ነው።