የምርምር ወጪና የኢኮኖሚ ዕድገት፤ ከዋግ ኽምራ ታሪክ አንጻር

እንደሚታወቀው የአንድ አገር የኢኮኖሚ ዕድገት በመሬት ስፋትና በሠራተኛ ብዛት ብቻ የሚገኝ አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሮበርት ሶሎው በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአገራቸው ከ1909 እስከ 1949 የአንድ ሠራተኛ ምርት ካሳየው ዕድገት አብዛኛው የመነጨው ከካፒታል መጨመር ሳይሆን ከአሠራር መሻሻል መሆኑን አመልክተዋል። የዚህ መሻሻል አንዱ ምንጭ ምርምር ነው። ሆኖም ለምርምር የሚመደበው ገንዘብ የት መዋል እንዳለበትና ፍሬው ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንዳለበት የሰቆጣና የአካባቢዋ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

በኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው ያተኮረው እንደ ሆለታ፣ ጅማ፣ ባኮና መልካ ወረር ባሉ ጣቢያዎች ነበር። እነዚህ ጣቢያዎች ለአገሪቱ ከፍ ያለ አገልግሎት ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ በሆለታ ደጋ የተፈተነ ዘር ዝናብ በሚያጥርበት በተከዜ ተፋሰስ ያንኑ ውጤት ይሰጣል ተብሎ አይጠበቅም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በእጅጉ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነበር። የረሃቡ መንስኤ ብዙ ቢሆንም፣ ለደረቅ አካባቢ የሚሆን ዕውቀት ቀደም ብሎ ወደ ገበሬው አለመድረሱ ጉዳቱን አባብሶታል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እናንሣ። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን የሚመጥ አረም ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይበቅላል። ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ የተመረቁት ዶክተር ገቢሳ እጀታ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ምርምር ይህን ኬሚካል በብዛት የማያመነጩ ዝርያዎችን አስገኙ። ከእነዚህም ጎብዬና አብሽር የተባሉት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ለኢትዮጵያ ገበሬዎች ተለቀቁ። ዶክተር ገቢሳም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከላቦራቶሪ እስከ ማሳ የተደረገው ጉዞ ከዐሥር ዓመት በላይ ወስዷል። ሥራው በየዓመቱ በጀት ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ፣ እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ወጪ እንጂ ገቢ ባልታየበት ነበር።

ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር በሰቆጣ የደረቅ አካባቢ የምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉ ለአካባቢው የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን ይፈትናል፤ ቦይን በየመካከሉ በአፈር እየገደቡ የዝናብን ውሃ በማሳ ውስጥ የማስቀረትን ዘዴ ያጠናል፤ የአበርገሌን ፍየል ዝርያም ከአርቢዎች ጋር ሆኖ ያሻሽላል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉም የችግሩን ክብደት ያሳያል።

ከዚህ የምንረዳው ምርምር ዕድገትን የሚያስገኘው ወጪው ሳይቋረጥ ሲቀጥል፣ ጥናቱ በችግሩ ሥፍራ ሲካሄድና ውጤቱ ለሕዝቡ ሲደርስ መሆኑን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዕቅድ አውጪዎች ኃላፊነት ናቸው። ሦስተኛው ግን ያለ መምህራን አይፈጸምም፤ ስለ አቀንጭራ በኽምጣና የተማረ ልጅ ትምህርቱን በዚያው ቀን ወደ አባቱ ማሳ ይዞት ይሄዳልና።