ፍሙ የነገረን ብልጭታ

በ1963 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር፣ በጠፈርና በውሃ ውስጥ የኑክሊየር ቦምብ ላለመሞከር ሞስኮ ላይ ተፈራረሙ። ፊርማ ግን መተማመን አይደለም። አሜሪካ «ቬላ» የተባሉ ሳተላይቶችን ወደ ጠፈር ላከች፤ ከቦምብ የሚወጣውን ጋማ ጨረር እንዲጠብቁ።

ጁላይ 2 ቀን 1967 ዘቦቹ ብልጭታ አዩ። የቦምብ ጠባይ ግን አልነበረውም። በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሬይ ክሌበሳዴልና ባልደረቦቹ መዝገቡን ሲያገላብጡ ሌሎችም ተገኙ። ጨረሩ ለእያንዳንዱ ሳተላይት የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት አስልተው፣ ምንጩ ምድርም ፀሐይም አለመሆኑን አረጋገጡ። በ1973 ስለ 16 ብልጭታዎች ጽፈው ለዓለም አስታወቁ።

ታዲያ ከየት ይመጣሉ? ከሰፈራችን ከዋክብት ወይስ ከሩቅ ዓለም? ብልጭታው ቶሎ ስለሚጠፋ ቦታውን በትክክል ማወቅ አልተቻለም፤ ክርክሩም ከሃያ ዓመት በላይ ዘለቀ።

መልሱ የመጣው ከብልጭታው ሳይሆን ከፍሙ ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ቤፖሳክስ የተባለው የጣልያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት አንድ ብልጭታ ያዘ። ከስምንት ሰዓት ያህል በኋላ ፊቱን ወደዚያው ቢያዞር፣ እየደበዘዘ የሚሄድ የኤክስሬይ ብርሃን አገኘ። በካናሪ ደሴቶች ያለ ቴሌስኮፕም ያንኑ ፍም በሚታይ ብርሃን አነሣው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የታየው የሌላ ብልጭታ ፍም ሃዋይ በሚገኘው በኬክ ቴሌስኮፕ ሲመረመር፣ ርቀቱ በቢሊዮን የብርሃን ዓመታት የሚቆጠር ሆነ። ብርሃኑ ጉዞ የጀመረው ምድራችን ሳትፈጠር ነበር።

ሰው ባላንጣውን ለመሰለል የከፈተው ዓይን ያየውን ነገር ምንነት ለመረዳት ሠላሳ ዓመት ፈጀ።