የወረቀት ጥቅልና የሰም ሲሊንደር

እ.ኤ.አ. በ1904 በጀርመን የቀረበው ቬልተ ሚኞን የተባለው መሣሪያ የታላላቅ ፒያኒስቶችን አጨዋወት በተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ አስቀርቷል። ጥቅሉ ግን የጣቶቹን እንቅስቃሴ እንጂ ድምፁን አልያዘም፤ እንዲሰማ ሌላ ፒያኖ ያሻዋል።

ድምፁን ራሱን የያዘው ሰም ከዚያ አስቀድሞ ከዚህ ከእንጦጦ ግርጌ ደርሶ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የቀዱት መልእክት በቤተ መንግሥቱ ተሰማ፤ ለክብሩም መድፍ ተተኮሰ። ሲሊንደሩ ከተደመጠ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ነበርና አልቀረልንም። በ1899 ምኒልክና ጣይቱ በሰም ቀድተው የላኩት መልስ ግን ዛሬም ይደመጣል፤ ያውም ያለ ሌላ እጅ፣ በገዛ አንደበታቸው። ተማሪዎቻችን የንጉሡን ደብዳቤዎች በትጋት ይጠቅሳሉ፤ ይህን ድምፅ በግርጌ ማስታወሻ የጠቀሰ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን እስካሁን በእጄ አልገባም።