የጠረጴዛ ቴኒስ ታሪክ ለአቃቂ ቃሊቲ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ መልኩን ያገኘው ከባቡር ሐዲድና ከፋብሪካ ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ፤ በኋላም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአካባቢው ተተከሉ። ፋብሪካና መኖሪያ በተጠጋጉበት ሥፍራ ለልጆች የሚተርፈው ሜዳ ጠባብ በመሆኑ፣ ሰፊ ቦታ የማይጠይቀው የጠረጴዛ ቴኒስ ልዩ ትኩረት ይገባዋል።

ጨዋታው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በባለጸጎች የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተጀመረ። ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1926 ተቋቁሞ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በለንደን ተካሄደ። ሮንግ ጉዎቱዋን የተባለው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1959 ለቻይና የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት አስገኘ። በቻይና ጨዋታው ከሕዝብ ልጆች ዘንድ የደረሰው በውድ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ከጡብና ከሲሚንቶ የተሠሩ ጠረጴዛዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

በኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቀበሌዎች ከተደራጁ ወዲህ፣ በብዙ ቀበሌዎች የወጣቶች መዝናኛ ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ አዋቂ በሚበዛበት አዳራሽ ሕፃናት፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ተራ ማግኘት ይቸግራቸዋል። ለሁሉም እኩል ተራ ሊሰጥ የሚችለው ትምህርት ቤት ነው።

መደበኛው ጠረጴዛ ርዝመቱ 2.74 ሜትር፣ ወርዱ 1.525 ሜትር፣ ከፍታው 76 ሳንቲ ሜትር ነው። ለታናናሾቹ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ከሲሚንቶ መሥራት፣ በመረብ ፈንታ ጡብ መደርደር፣ መምቻውንም ከስስ ጣውላ መቁረጥ ይቻላል። ኳሱ 2.7 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ጠረጴዛው ነፋስ በሚከልል ግድግዳ አጠገብ መተከል ይኖርበታል።

ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው የተራው ጉዳይ ነው። በሁለት ጠረጴዛ ላይ ጥንድ ለጥንድ ቢጫወቱ በአንድ ጊዜ የሚሳተፉት 8 ተማሪዎች ናቸው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል «ያሸነፈ ይቆይ» የሚለው ልማድ ከተያዘ፣ የሚለማመደው ቀድሞ የቻለው ብቻ ይሆናል፤ ጀማሪው አንድ ጊዜ ተሸንፎ ክፍለ ጊዜውን ቆሞ ይጨርሳል። ስለዚህ መምህሩ ተራውን በደቂቃ መወሰን፣ ቀሪዎቹንም ኳስ በማንጠርና ነጥብ በመቁጠር ማሠራት ይገባዋል። ዕቅድ አውጪውም የሥራውን ውጤት መመዘን ያለበት በተገኘው ዋንጫ ሳይሆን መምቻውን በጨበጡት እጆች ብዛት ነው።