ደወሉ ከመጮኹ በፊት ያለችው ደቂቃ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በአይሮፕላን ማረፊያ ስለሚሠሩ ሰዎች በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው አብራሪው ነው። ከእርሱም ቀጥሎ በማማው ላይ ተቀምጦ የአየሩን መንገድ የሚመራው ሰው፣ ከዚያም መኪናውን እያስጮኸ የሚከንፈው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይታወሰናል። በማማውና በእሳት አደጋው መኪና መካከል ግን፣ ብዙ ጊዜ ሜዳው እንኳ በማይታይበት ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ በጆሮው ላይ አድርጎ የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ መኖሩን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛ የአደጋ ስልከኛ ብለን እንጥራው። እሳቱን አያየውም፤ ቁስለኛም አያነሣም። ሆኖም ወሬው በእርሱ እጅ ሳያልፍ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚፈለገው ርዳታ አይንቀሳቀስም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ሰው ሥራ ታሪክ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከሕጉ እንጀምር። በ1944 በሺካጎ ከተማ ስለ ዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን አንድ ውል ተፈረመ፤ ከፈራሚዎቹም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚህ ውል የተወለደው ድርጅት ስለ አይሮፕላን ማረፊያዎች ያወጣው ደንብ ዐሥራ አራተኛው አባሪ የሚባለው ሲሆን፣ መጀመሪያ የጸደቀው በ1951 ነው። ደንቡ ዛሬ በሚሠራበት መልኩ፣ የእሳት አደጋ መኪና በሥራ ላይ ወዳለ ማኮብኮቢያ ወደ ማናቸውም ክፍል ከ3 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ እንዲደርስ ያዝዛል፤ ቢቻል በ2 ደቂቃ ይሁን ብሎም ይመክራል። ይህም አየሩ ጥርት ብሎ፣ መንገዱም ደኅና ሆኖ ሲገኝ ነው።

እነዚህ 3 ደቂቃዎች መቈጠር የሚጀምሩት ከመቼ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ያስደንቃል። አይሮፕላኑ ከወደቀበት ቅጽበት አይደለም፤ የመጀመሪያው ጥሪ ለእሳት አደጋ ክፍል ከደረሰበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። ስለዚህ በአደጋውና በጥሪው መካከል ያለፈችው ጊዜ፣ ግማሽ ደቂቃም ትሁን አምስት ደቂቃ፣ በደንቡ ሒሳብ ውስጥ አትገባም። መኪናው በ2 ደቂቃ ደረሰ ተብሎ በመዝገብ ሲጻፍ፣ ከዚያ በፊት ሰው በእሳት ውስጥ ምን ያህል እንደ ቈየ መዝገቡ አይናገርም። ያች ያልተቈጠረች ጊዜ የማማውና የስልከኛው ናት፤ የሙያው ታሪክም ያችን ጊዜ ለማሳጠር የተደረገ የረጅም ዘመን ትግል ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ትግሉ የጀመረው በከተማ እንጂ በአየር ማረፊያ አይደለም። በኖቬምበር 1935 በለንደን፣ ዊምፖል በሚባለው መንገድ አንድ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። አንድ ጎረቤት ወደ ቴሌፎን ማዞሪያው ቢደውልም፣ ጥሪው ከሌላው ሰው ተራ ጥሪ ጋር ተሰልፎ መልስ ሳያገኝ ቈየ። ሰውየውም ተቈጥቶ ለጋዜጣ ጻፈ፤ ጉዳዩ እስከ ምክር ቤት ደርሶ ተመረመረ። ከዚህም የተነሣ ሰኔ መጨረሻ 1937 ላይ 999 የተባለው ቍጥር በለንደን ሥራ ጀመረ። ጥሪው ሲመጣ በማዞሪያው ክፍል ቀይ መብራት ይበራል፣ ጥሩንባም ይጮኻል። አሜሪካኖች በበኩላቸው 911 የተባለውን ቍጥር መጀመሪያ የደወሉት በፌብሩዋሪ 1968፣ በአላባማ ክፍለ ሀገር በምትገኝ ሄይሊቪል በተባለች ትንሽ ከተማ ነበር።

በአየር ላይ ያለው ሰው ግን ቴሌፎን ስለሌለው ቃል አስፈለገው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በለንደን አጠገብ ባለው በክሮይደን የአየር ማረፊያ የራዲዮ ሹም የነበረው ፍሬደሪክ ሞክፎርድ፣ አብራሪም የምድር ሠራተኛም ሁሉ ያለ ጥርጥር የሚለየው የጭንቅ ቃል እንዲያገኝ ተጠየቀ። በዚያን ጊዜ ከክሮይደን የሚነሣው አይሮፕላን አብዛኛው የሚመላለሰው በፓሪስ ወዳለው ወደ ለ ቡርዤ ስለነበር፣ «ርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳዮች ቃል ጋር በድምፅ የሚገጥመውን «ሜይዴይ» አቀረበ። በ1927 በዋሽንግተን የተደረገው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ስምምነት ቃሉን ተቀበለው። ይህም ቃል እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በአየር ማረፊያዎቹ ደግሞ የአደጋ ቴሌፎን የሚባለው መሣሪያ ገባ። ይህ ቴሌፎን ቍጥር አይደወልበትም። የማማው ሰው መነጋገሪያውን ባነሣ ጊዜ በእሳት አደጋ፣ በፖሊስና በስልከኛው ክፍል ሁሉ ባንድነት ይጮኻል፤ እያንዳንዱም ማንሣቱን በድምፁ ያረጋግጣል። ስልከኛው የሚጽፈው አጭር ነው፤ የአይሮፕላኑን ዓይነት፣ የደረሰበትን ችግር፣ የቀረውን ነዳጅ፣ የሚያርፍበትን ማኮብኮቢያና በውስጡ ያለውን ሰው ቍጥር ነው። በዚህ የመጨረሻው ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ መንገደኛና ሠራተኛ ሳይለዩ «ስንት ነፍስ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አነጋገሩ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። አሜሪካኖች ማስጠንቀቂያውን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ አንደኛው ቀላል ችግር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከባድ ችግር ነው፤ ሦስተኛው አደጋው ደርሷል ወይም መድረሱ አይቀርም ማለት ነው።

መሣሪያው ይህን ያህል ከተዘጋጀ ምን ይጐድላል? በጃንዋሪ 13 ቀን 1982 በዋሽንግተን የሆነውን እንመልከት። በዚያ ቀን ከተማይቱን ከባድ በረዶ ስለ ጣለባት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ቀደም ብለው አሰናበቱ፤ መንገዱም ሁሉ በመኪና ተጨናነቀ። ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ከናሽናል አየር ማረፊያ የተነሣው የኤር ፍሎሪዳ ኩባንያ 737 ቦይንግ 79 ነፍስ ይዞ ነበር። በክንፉ ላይ በረዶ ነበረበት፤ የሞተሩም የበረዶ መከላከያ አልተከፈተም ነበር። ከፍታ ሊያገኝ ስላልቻለ የ14ኛውን ጎዳና ድልድይ መትቶ፣ በድልድዩ ላይ ከነበሩት መኪናዎች የአራት ሰው ሕይወት አጥፍቶ፣ በረዶ በሸፈነው በፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። ሰዓቱ 10 ከ1 ደቂቃ ነበር።

ከማማው ላይ በረዶው አላሳይ ስላለ ማንም አላየም። በዚህ ጊዜ በአየር ማረፊያው የእሳት አደጋ ጣቢያ ተረኛ የነበረው ሠራተኛ፣ ማማው ከሥራ ኃላፊው ጋር በራዲዮ ሲነጋገር ያዳምጥ ነበር። አንድ አይሮፕላን ምናልባት ከማኮብኮቢያው ጫፍ ሳያልፍ አልቀረም የሚል ቃል ሰማ። ሌላ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በ10 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ግድም የነፍስ አድን መኪናዎቹን አስነሣ። ያች በሕግ የማትቈጠረው ጊዜ በዚህ ቀን ያጠረችው፣ ለእርሱ ያልተነገረውን ነገር በጥንቃቄ ባዳመጠ አንድ ተረኛ ጆሮ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ የሙያው ምስክር አይገኝም፤ ስለዚያ ቀን የተጻፈው ብዙው ግን አያነሣውም።

የቀረው ችግር ከዚያ ወዲያ መጣ። አይሮፕላኑ የወደቀው ከማኮብኮቢያው ጫፍ አጠገብ ሳይሆን ራቅ ብሎ በወንዙ ላይ ነው። የአየር ማረፊያው የማዕከላዊው መንግሥት ንብረት፣ ወንዙ የዋሽንግተን ከተማ፣ ማዶው የቨርጂንያ ክፍለ ሀገር ነበር። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ስልከኛና የራሱ የራዲዮ ሞገድ ስለነበረው፣ በአንዱ ዳርቻ ያለው በሌላው ዳርቻ ካለው ጋር በቀጥታ መነጋገር አልቻለም። ከአደጋው በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ቈይቶ የፓርክ ፖሊስ ሄሊኮፕተር ደረሰ፤ አብራሪው ዶናልድ አሸርና ረዳቱ ጂን ዊንዘር በገመድ እየጐተቱ ሰው አወጡ። ገመዱን መያዝ ያቃታትን አንዲት ሴት ሌኒ ስኩትኒክ የሚባል በምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት ዝቅተኛ ሠራተኛ የሆነ ሰው፣ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ አይቶ፣ ወደ ውሃው ዘልሎ አዳናት። ከአይሮፕላኑ ውስጥ በሕይወት የተረፉት 5 ሰዎች ብቻ ናቸው። እነዚያው ስልከኞች ከዚህ ጭንቅ ሳይወጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቈይቶ በከተማይቱ የምድር ውስጥ ባቡር ሐዲዱን ስቶ ሌሎች 3 ሰዎች ሞቱ።

የአካባቢው መስተዳድሮች ከዚህ በኋላ ተሰብስበው የጋራ የራዲዮ መስመርና የመረዳጃ ውል አበጁ። ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ ማንም አላጨበጨበለትም። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ፔንታጎን በተመታ ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የአካባቢው እሳት አደጋ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ለመነጋገር የቻሉት በዚህ የ1982 ቅጣት ምክንያት መሆኑን ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት መስክሮላቸዋል።

እንግሊዞችም የራሳቸውን ዋጋ ከፍለዋል። በኦገስት 1985 በማንቸስተር በማኮብኮቢያው ላይ እሳት ተነሥቶበት 55 ሰው ያለቀበትን አይሮፕላን ለመርዳት ከከተማ የተጠሩት መኪናዎች፣ በደንቡ መሠረት በቀጠሮው ቦታ ደርሰው መንገድ የሚመራቸውን ፖሊስ ጠበቁ። ፖሊሱ በዚያ አልነበረም። ጥሪው በጊዜው ደርሷቸው ነበር፤ የጐደለው ከጥሪው በኋላ አንድ ሌላ ቃል ነው።

አሁን ደግሞ በአገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውን የሚያስታውስ ነገር እንንገር። በጁላይ 19 ቀን 1989 የዩናይትድ ኩባንያ ዲ.ሲ.10 አይሮፕላን፣ 296 ነፍስ ይዞ ከዴንቨር ወደ ሺካጎ ሲበር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ የጅራቱ ሞተር ፈነዳ፤ አይሮፕላኑን የሚያዞሩት የዘይት መስመሮች ሦስቱም ተበጣጠሱ። ካፒቴን አል ሄይንስና ባልደረቦቹ የቀሩትን የሁለቱን ሞተሮች ጕልበት እየጨመሩና እየቀነሱ ብቻ ወደ አዮዋ፣ ወደ ሱ ሲቲ አመሩ። የሱ ሲቲ ማረፊያ ይህን ለሚያህል አይሮፕላን የሚበቃ የእሳት አደጋ ደረጃ አልነበረውም።

በምድር የተደረገው ይህ ነው። ጥሪው መጀመሪያ በሁለተኛው ደረጃ ተነገረ። ቀጥሎም አይሮፕላኑ ገና በአየር ላይ ሳለ፣ አንድም ነገር ሳይወድቅ፣ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ከፍ ተደረገ። የዚህን ትርጕም የመሥሪያ ቤት ሰው ይረዳዋል። ሦስተኛው ደረጃ ከተጠራ በኋላ አይሮፕላኑ በደኅና ቢያርፍ፣ የብዙ ከተማ አምቡላንስና ሐኪም በከንቱ ተጠራ ተብሎ ወቀሳ ይመጣል። ሁለተኛው ላይ ቈይቶ ቢወድቅ ግን ማንም አይወቀስም ነበር፤ ደንቡ ተፈጽሟልና። የሱ ሲቲ ሰዎች ወቀሳውን መረጡ።

እስከ መጨረሻውም ቃሉ ይለዋወጥ ነበር። በቅድሚያ አይሮፕላኑ በ31 ማኮብኮቢያ ያርፋል ስለ ተባለ መኪናዎቹ በዚያው ተሰለፉ። ሊያርፍ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ የሚመጣው ሥራ ባቆመው በ22 ማኮብኮቢያ መሆኑ ተነገረ፤ ከመኪናዎቹ አንዳንዶቹ የቆሙትም በዚያው መንገድ ላይ ነበር። ወዲያው እንዲነሡ ተነግሯቸው ተነሡ። በ10 ሰዓት አይሮፕላኑ ወርዶ ክንፉ መሬት ነካ፤ ተሰባብሮ በእሳት ተያያዘ፤ ክፍሉም በበቆሎ ማሳ ውስጥ ተገለበጠ። 112 ሰው ሞተ፤ 184 ተረፈ።

ትርፉን ሁሉ ለጥሪው ብቻ መስጠት አይገባም። የአብራሪዎቹ ጥበብ ነበረ፤ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች 285 ሆነው በዚያ ቀን በግቢው ተገኝተው ነበር፤ በሁለቱ ሆስፒታሎች የተረኞች መለዋወጫ ሰዓት በመሆኑ ሐኪሙ እጥፍ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በ1987 ከተማይቱ በዚያው ባልሠራ ማኮብኮቢያ ላይ ትልቅ አይሮፕላን ወደቀ ብላ ልምምድ አድርጋ ነበር። ዳሩ ግን ዕድል ያከማቸውን ሐኪምና ወታደር ባንድ ሰዓት ባንድ ቦታ ያገናኘው፣ ቀድሞ የተነገረው ቃል ነው።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ፣ በጁላይ 6 ቀን 2013 በሳን ፍራንሲስኮ 307 ነፍስ የያዘ የኤዢያና ኩባንያ 777 ቦይንግ በባሕሩ ግንብ ተመትቶ ጅራቱ ተቈረጠ። የሞቱት 3 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእነርሱም አንዷን፣ በመሬት ላይ ወድቃ አረፋ የሸፈናትን ልጅ፣ ሁለት የነፍስ አድን መኪናዎች ረግጠዋት አልፈዋል። በዓመቱ የወጣው የመርማሪዎች ጽሑፍ፣ ለርዳታ የመጡት ክፍሎች ከአየር ማረፊያው ክፍሎች ጋር በአንድ የጋራ የራዲዮ ሞገድ ሊነጋገሩ አልቻሉም ይላል። በፖቶማክ የታየው ያው ጕድለት ነው፤ በመካከሉ 31 ዓመት አልፏል።

በዚያን ቀን ደግሞ የ1982 ስልከኞች የማያውቁት አዲስ ነገር ነበረ። መንገደኞቹ ከአይሮፕላኑ ወጥተው በማኮብኮቢያው ዳር ሆነው፣ በእጃቸው ባለው ቴሌፎን 911 ይደውሉ ነበር። ከጥሪዎቹም ከፊሉ የደረሰው ወደ አየር ማረፊያው ስልከኛ ሳይሆን ወደ ካሊፎርንያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ነው። ጠሪዎቹ አምቡላንስ በቂ እንዳልደረሰና ቁስለኞች በመሬት ላይ እንደ ተኙ ይናገሩ ነበር። ስልከኛዋም ሜዳውን አታየውም፤ ርዳታ እየመጣ መሆኑን እየነገረች መስመሩን ይዛ ቈየች።