ለአትላንታ አንድ ጨዋታ፣ ለዲትሮይት ዋንጫ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 ራሺድ ዋላስ በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ክለብ ቀየረ። ፖርትላንድ ለአትላንታ ሰጠው፤ አትላንታ አንድ ጨዋታ አሰለፈው፣ 20 ነጥብ አስቆጠረ፣ በማግስቱ ወደ ዲትሮይት ሸኘው። ያኔ ስሙ የሚነሳው በጸባዩ ነበር። በአንድ የውድድር ዘመን 41 ቴክኒካል ፋውል የተቆጠረበትን ሰው ማን ይመኛል?

ዲትሮይት ተመኘ። የከፈለውም ተቀያሪዎችንና የድራፍት ምርጫን ነው። ቢላፕስ፣ ሃሚልተን፣ ፕሪንስና ቤን ዋላስ አልተነኩም። ከሰጣቸው አንዱ ሊንዚ ሃንተር እንኳ ቦስተን ሲያሰናብተው ተመልሶ መጣ! በጁን ኦኒልን፣ ኮቢን፣ ማሎንንና ፔይተንን የያዘው ሌከርስ 4 ለ 1 ተሸነፈ።

ብዙ ሰው የዘመን አጋማሽ ዝውውር ሲነሳ የሚጠራው የ2008ቱን ፓው ጋሶልን ነው። እውነት ነው፣ ሌከርስ በ2009 እና በ2010 ዋንጫ በላ። ግን «ተዘረፈ» የተባለው ሜምፊስ የታናሽ ወንድሙን የማርክን መብት ወስዶ ነበር፤ ማርክ በ2013 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ሌከርስ ዋጋ ከፍሏል። ዲትሮይት ግን ያጣውን ሰው ስም ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ2005ም ሳን አንቶኒዮ በሰባተኛው ጨዋታ ባያሸንፈው ዋንጫው ሁለት በሆነ ነበር።